ወደ አሰላ ለምትሄደው ልጄ፤ ስለ ምጣድና ስለ ከሰል



ስለ ሥራሽ የምመክርሽ ብዙ የለኝም፤ ተምረሽበታል። እናትሽ የሸከፈችልሽን የኤሌክትሪክ ምጣድ ግን ከቤታችን እኔ ነኝ የማውቀው። አዳማ ላይ ምጣድ እየጠገንኩ ነው ያሳደግኩሽ። ከእንግዲህ ሲበላሽ «አባዬ እየው» ብለሽ እንድትጠሪኝ አጠገብሽ ስለሌለሁ፣ በገዛ እጅሽ ልትይዢው ይገባል።

ስሠራ አጠገቤ ቁጭ ብለሽ አይተሻል። ሸክላው ከሥሩ እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት እየዞረ የሚሄድ ቦይ አለው፤ በቦዩ ውስጥ የተጠመዘዘ ሽቦ ይተኛል፤ ከላዩ ጄሶ ይለሰናል። ምጣዱ 3.5 ኪሎ ዋት ያህል ይበላል። ይህ በ220 ቮልት ሲሰላ ወደ 16 አምፔር ይመጣል። የቤት ሶኬት የሚችለውም ያንኑ 16 አምፔር ነው። ስለዚህ እንጀራ በጋገርሽ ቁጥር ሶኬትሽ የአቅሙን ጫፍ ይሠራል። «ምጣዴ ተቃጠለ» ብለው ከሚያመጡልኝ ብዙዎቹ ምጣዳቸው ደህና ነው፤ የተቃጠለው ስፒናው ነው።

ስለዚህ ጋግረሽ ስትጨርሺ ብሬከሩን አጥፊ፣ ስፒናውን ንቀይና በእጅሽ ዳብሺው። ለብ ቢል ግድ የለም። ጣትሽን የሚያስነሳ ከሆነ ግን ውስጡ ላልቷል ማለት ነው። በካቻቢቴ ክፈቺው። መዳቡ ጠቁሮ ከሆነ የጠቆረውን ቆርጠሽ ጣይ፣ የሚያበራው መዳብ እስኪመጣ ላጪው፣ መልሰሽ ብሎኑን ጥብቅ አድርጊ። ፕላስቲኩ ቡናማ ከሆነ ወይም ከቀለጠ በናስትሮ ጠቅልለሽ አታባብዪው፤ አዲስ ግዢ። ዲቫይደር ላይ ምጣድ እንዳትሰኪ፤ በዚህ ላይ ልመና አልሰማም። ገመዱም ከ2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ የቀጠነ አይሁን።

ወደ ስፒናው ከሚገቡት ሦስት ሽቦዎች አረንጓዴና ቢጫ የሆነው ከምጣዱ ቆርቆሮ ጋር የታሰረ ነው። ሽቦ ተበጥሶ ቆርቆሮውን ቢነካ ኮረንቲው በአረንጓዴና ቢጫው ሽቦ በኩል ወደ መሬት ይወርዳል እንጂ በአንቺ በኩል አይሄድም። ግን የቤቱ ሶኬት የመሬት መስመር ከሌለው ይህ ሽቦ ለስሙ ብቻ ነው ያለው፤ አከራይሽን ጠይቂ። ምጣዱ ነዘር ካደረገሽ ሊጥ ቢተርፍም አቁሚ። ጎረቤት «ነጠላ ጫማ አድርገሽ ጋግሪ» ይልሻል፤ እሺ እንዳትዪ። ንዝረቱ ኮረንቲ መፍሰሱን እየነገረሽ ነው፤ ጫማው ምልክቱን ይደብቃል እንጂ ችግሩን አያስወግድም።

ሽቦው ቢበጠስ ብዙ ጠጋኝ ሁለቱን ጫፍ ጠምዝዞ ይሰጥሻል። አንድ ጊዜ ያደርሳል። ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ሲሆን ሽቦው እያጠረ ይሄዳል፤ ሲያጥር ኮረንቲን የመከላከል አቅሙ ይቀንሳል፣ የሚስበው ኮረንቲ ይጨምራል፣ ምጣዱ ያቃጥላል፣ ሶኬቱም አብሮ። ሙሉ ሽቦውን አስቀይሪ። ይህንን ግን ራስሽ አትሞክሪው፤ ጄሶ ማንሳትና መልሶ መለሰን እጅ የለመደ ሰው ይፈልጋል።

የበዓል ዋዜማ እንጀራሽ ዓይን ቢያጣ ደግሞ ቶሎ ሽቦውን አትጠርጥሪ። ሰው ሁሉ አብሮ ሲጋግር ቮልቱ ይወርዳል፤ ከ220 ወደ 190 ሲወርድ የምጣዱ ኃይል ሩቡን ያህል ያጣል። ምጣድ ስንት እንደሚበላ እንድትለኪው፣ ከእኛ አጠገብ ያለው የቆቃ ግድብ በ1952 ዓ.ም. ተመርቆ ሥራ ሲጀምር አቅሙ 43 ሜጋ ዋት ነበር። ሁሉንም ለምጣድ ብቻ ብንሰጠው 12 ሺህ ምጣድ ቢጋግር ነው። የሕዳሴው ግድብ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ተመርቆ ከ5 ሺህ ሜጋ ዋት በላይ አቅም ይዞ መጥቷል፤ ይሁን እንጂ ከሰፈርሽ ትራንስፎርመር እስከ ግድግዳሽ ያለው ሽቦ ያው የድሮው ነው። ሰው ሁሉ በአንድ ሰዓት ሲጋግር አንቺ ማለዳ ጋግሪ።

ጽዳቱ ቀላል ነው። ሸክላ ውኃ ይጠጣል። በጋለበት ውኃ ብታፈሺበት ይሰነጠቃል፤ በቀዘቀዘበት ብታጥቢው ውኃው ወደ ሽቦው ይወርዳል። ሳሙናም ይመጠጥና እንጀራሽ ሳሙና ሳሙና ይሸታል። በደረቅ ማሰሻ ጥረጊው፤ ዳር ዳሩን የያዘውን የደረቀ ሊጥ ሲቀዘቅዝ በእንጨት ፋቂው። እንጀራው መያዝ ሲጀምር የተወቀጠ ጎመን ዘር በትነሽ በዝቅተኛ ሙቀት አሟሺው። እናትሽ ጨምራልሻለች።

አሁን ከሁሉ ወደሚያሳስበኝ ልምጣ። የአዳማ ሙቀት ያሳደገሽ ልጅ ነሽ። አሰላ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ነው፤ የጭላሎ ብርድ ማታ ማታ ይወርዳል። አንድ ቀን በርና መስኮት ዘግተሽ የከሰል ምድጃ ወደ መኝታሽ ለማስገባት ያምርሻል። ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው ውጭ አቀጣጥለሽ፣ ጭሱ አልፎ ፍሙ ሲቀላ «አሁን ጭስ የለውም» ብለሽ ታስገቢያለሽ። የሚገድለው ይኼ ነው። ቀይ ፍም የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ይይዛል። ነቅቶ ያለ ሰው ራሱን ያመዋል፣ ያቅለሸልሸዋል፣ ጉልበቱ ይከዳዋል፤ የተኛ ሰው ግን ምንም ሳያውቅ ያልፋል። በየክረምቱ እንዲህ ያለ የቤተሰብ ሞት እንሰማለን። ስለዚህ ከሰል ለቡና፣ በር ተከፍቶ ወይም በረንዳ ላይ። ለብርድ ብርድ ልብስ ደርቢ። እንግዳ መጥቶ ቡና ስታፈዪ ራሱን ያመመው ሰው ካለ መጀመሪያ ሁላችሁም ውጡ፤ ከዚያ ምድጃውን አውጪ።

ላቀች ምድጃሽንም ጠብቂያት። ከድሮው የቆርቆሮ ምድጃ ከሰል በሩብ ያህል የምትቆጥበው ሸክላዋ ደህና ሲሆንና ቀዳዳዎቿ ሲከፈቱ ነው። አመድ ቀዳዳውን ሲደፍነው አየር ያጥራል፣ ከሰሉ ይታፈናል፣ መርዙም ይበዛል። በየጊዜው አራግፊያት። አመዱን ሳይበርድ ፌስታል ውስጥ እንዳትጨምሪ።

ካቻቢቴውና ናስትሮው ከጎመን ዘሩ ጋር አንድ ላይ ታስረዋል። ቤቱን እንደያዝሽ የቆጣሪውንና የብሬከሩን ፎቶ አንስተሽ በቴሌግራም ላኪልኝ፤ ስንት አምፔር እንደሆነ ብሬከሩ ላይ ተጽፏል። አይቼ እስክደውልልሽ ምጣዱን አትሰኪ።

አባትሽ