ለማደር ብቻ የሚገቡባት መንደር

ከጀርመን ከተመለስኩ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። «ፎቶ ልቀቅ እንጂ»፣ «መምህር፣ እንዴት ነበር?» እያላችሁ በውስጥ መስመር የጻፋችሁልኝን ሁሉ አንብቤያለሁ። ዝም ያልኩት ኮርቼ አይደለም። ከናንተ በፊት ለእማዬ የምመልሰው መልስ ነበረብኝ። እሱን ባለፈው እሁድ ተገላገልኩ። ስለዚህ ትምህርት ሳይከፈት ላውጋችሁ። ረዘም ይላል፤ ቡና ይዛችሁ ተቀመጡ።

የሄድኩት ለሽርሽር አልነበረም፤ ተልኬ ነው። ታላቅ እህቴ፣ እኛ ቤት እታለም ነው የምንላት፣ ከአገር ከወጣች አሥራ ሦስት ዓመት አልፏታል። ስትሄድ «ሁለት ዓመት ሠርቼ እመለሳለሁ» ብላ ነው። እማዬ ያቺን «ሁለት ዓመት» እስከ ዛሬ ትቆጥራለች። ቪዛዬ እንደተመታ የሰጠችኝ ትእዛዝ አጭር ነበር፦ «ይዘሃት ና። ማን በሚያውቃት አገር ነው ብቻዋን የምታረጀው?» የሚያስቀው፣ ትኬቱን የቆረጠችልኝ ራሷ እታለም ናት።

እማዬ ከጀርመን የምታውቀው ቦንን ነው። ዶይቸ ቬለ በአማርኛ ማሰራጨት ከጀመረበት እ.ኤ.አ. ከ1965 ወዲህ በየቤቱ ማታ ማታ ሬዲዮ ሲከፈት ኖሯል፤ የኛም ቤት አንዱ ነው። ጣቢያው እ.ኤ.አ. በ2003 ከኮሎኝ ወደ ቦን ስለተዛወረ፣ በእማዬ ሐሳብ እታለምና ዜና አንባቢዎቹ ጎረቤታሞች ናቸው። «እነሱ እኮ እዚያው ናቸው፤ አንድ ቀን እንኳ አይጠይቋትም?» ትላለች።

እታለም ቦን የምትሠራ እንጂ የምትኖር አይደለችም። ቤቷ ያለው ሮንዶርፍ የምትባል መንደር ውስጥ ነው። ከቦን ወደ ደቡብ፣ ከራይን ወንዝ ባሻገር፣ ድራኽንፌልስ የሚባል ተራራ ሥር የተለጠፈች ሰፈር ናት፤ የባድ ሆኔፍ ከተማ አካል። ከቦን ዋናው ባቡር ጣቢያ 66 ቁጥርን ይዛችሁ አርባ ደቂቃ አይሞላም። የወንዝ ዳር መንደር ትባል እንጂ፣ ወንዙ ጋ ለመድረስ መጀመሪያ ሐዲዱን፣ ቀጥሎ አውራ ጎዳናውን ማቋረጥ አለባችሁ። ከዚያ ራይን ነው፤ ሰፊ፣ ቀንም ሌትም የጭነት መርከብ የማይጠፋበት።

በመጀመሪያው ጠዋት መስኮት ላይ ቁጭ ብዬ አየሁ። ገና አንድ ሰዓት ሳይሆን ሰዉ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ወደ ጣቢያ ይወርዳል። መኪናውም ይወጣል። ሦስት ሰዓት ሲሆን መንደሯ ባዶ ሆነች። እስከ ምሳ ሰዓት ያየሁት አንድ ፖስተኛና አንድ ድመት ነው። «እማዬ እውነቷን ነው፤ ይሄ መንደር አይደለም፣ ማደሪያ ነው» አልኩ በልቤ።

ያን ዕለት አንድ ነገር ግን አስተውያለሁ። ሰዉ ሁሉ ወደ ጣቢያ ሲወርድ አንዲት ሴት ብቻ ሽቅብ ትወጣለች፤ እታለም። ቦን ውስጥ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ የሌሊት ተረኛ ናት። ሰው ለማደር በሚገባባት መንደር እሷ ለመዋል ትገባለች።

እሷ ስትተኛ እኔ ምን ልሥራ? የታሪክ መምህር አመል ታውቃላችሁ፤ መንደሯን ማገላበጥ ጀመርኩ።

ሮንዶርፍ ከባቡሩ በፊት የኖረችው በወይንና በድንጋይ ነው። ወይኑ ዛሬም አለ፤ ዳገቱን ይዞ ከቤቶቹ ጀርባ ይጀምራል። ዚግፍሪድ የተባለው ጀግና ዘንዶውን የገደለው እዚህ ተራራ ላይ ነው የሚል ተረት ስላላቸው፣ ቀዩን ወይን «የዘንዶ ደም» ይሉታል። ለኛ ለቅዱስ ጊዮርጊስ ሰዎች ዘንዶ አዲስ አይደለም፤ ደሙን መጠጣት ነው አዲሱ። ከተራራው የተፈለጠው ድንጋይ ደግሞ በራይን ተጭኖ እየሄደ ታላቁ የኮሎኝ ካቴድራል ተሠርቶበታል። ሲፈልጡት ሲፈልጡት ጫፉ ላይ ያለው የጥንት ምሽግ ሊናድ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1836 የፕሩሲያ መንግሥት ጫፉን ገዝቶ ፈለጣውን አስቆመ። ባቡሩ በ1870 ሲደርስ መንደሯ ሌላ ሕይወት ጀመረች፤ ከተማ ሠርቶ እዚህ ማደር ተቻለ።

ከነዚህ ተመላላሾች ውስጥ ግን አንዱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ቢያንስ ክፍል ውስጥ ያልተኛችሁት። ኮንራድ አደናወር፣ የምዕራብ ጀርመን የመጀመሪያው መራሔ መንግሥት። ስሙን ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ኖሬያለሁ፤ ቤቱ ከእህቴ በር በእግር አሥር ደቂቃ መሆኑን ግን አላውቅም ነበር።

አደናወር ወደ ሮንዶርፍ የመጣው በክብር አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1917 ጀምሮ የኮሎኝ ከንቲባ ነበር። በ1932 ኮሎኝንና ቦንን የሚያገናኘውን የመኪና ፈጣን መንገድ መርቆ የከፈተው እሱ ነው። በዓመቱ ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ ከሥራው አባረሩት። ገዳም ገብቶ ተደበቀ። በ1935 ሮንዶርፍ ቤት ተከራየ፤ ወዲያው ከዚያም ከአውራጃው ውጣ ተባለና ወንዙን ይዞ ትንሽ ራቅ ብሎ ብቻውን ሰነበተ። ተመልሶ በ1937 ዳገቱ ላይ የራሱን ቤት ሠራ። ዕድሜው ስድሳ አልፏል፣ ሥራ የለውም፤ ጽጌረዳ ይተክላል። በ1944 እሱንም ባለቤቱንም አሰሯቸው። እሷ ከዚያ እስር በኋላ ጤና አላገኘችም፤ በ1948 ሞተች።

ቤቱ ዛሬ ሙዚየም ነው። ደረጃው ልብ ያወልቃል፤ እኔ በሠላሳዎቹ ያለሁት ሰው ሁለቴ ቆሜ ተንፍሻለሁ። እዚያ ቤት ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 21 ቀን 1949፣ ምርጫው ካለፈ ልክ በሳምንቱ፣ የፓርቲው ሰዎች ተሰብስበው ማን አገር ይምራ ብለው ተነጋገሩ። የሰባ ሦስት ዓመቱ ሽማግሌ ራሱን አቀረበ። «ሐኪሜ አንድ ሁለት ዓመት ትችላለህ ብሎኛል» አላቸው። በመስከረም ምክር ቤቱ በአንድ ድምፅ ብልጫ መረጠው። ስንት ዓመት መራ? አሥራ አራት።

እዚህ ጋ ስደርስ ሳቄ መጣ። «ሁለት ዓመት» ያለ ሰው ከኛ ቤት ብቻ የወጣ መስሎኝ ነበር።

አሥራ አራቱንም ዓመት ቦን ቤት አልያዘም። እንደማንኛውም የሮንዶርፍ ሰው ጠዋት ወጥቶ ማታ ይገባል፤ በመኪና ሄዶ ራይንን በጀልባ ይሻገራል። ቦን ዋና ከተማ የሆነችው ለሽማግሌው ቤት ስለምትቀርብ ነው እያሉ ይቀልዱበታል። ዛሬ 66 ቁጥር ባቡር ራይንን የሚሻገርበት ድልድይ ስሙ የኮንራድ አደናወር ድልድይ ነው። እታለም በሳምንት አምስት ቀን በስሙ ላይ ትመላለሳለች።

በዕረፍቷ ቀን እታለም ከመንደሯ ጥቂት ፌርማታ ወደምትርቀው ወደ ኮኒግስቪንተር ወሰደችኝና ከበላይዋ ያለውን ፔተርስበርግ ተራራ አሳየችኝ። አናቱ ላይ ትልቅ ሆቴል አለ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1947 ዓ.ም. ምዕራብ ጀርመንን ሲጎበኙ ያረፉት እዚያ ነው። ከጦርነቱ በኋላ ያችን አገር በይፋ የጎበኙ የመጀመሪያው የውጭ ርዕሰ ብሔር እሳቸው ነበሩ። ሁሉ ፊቱን ባዞረበት ሰዓት በሩን ያንኳኳ እንግዳ አይረሳም።

ይህ ነገር ለእታለም ቤት አስገኝቶላታል። አከራይዋ ሰማንያ ሊሞላቸው ትንሽ የቀራቸው ባል የሞተባቸው ሴት ናቸው። እታለም ክፍሉን ለማየት ሄዳ «ከኢትዮጵያ ነኝ» ስትላቸው፣ ሕፃን ሳሉ አባታቸው የንጉሡን ፎቶ ከጋዜጣ እንዳሳዩዋቸው ነገሯት። ቡና ተፈላ። ክፍሉም ተሰጠ።

እኔንም ቡና ጠርተውኝ በእታለም አስተርጓሚነት አወሩኝ። ባለቤታቸው ቦን አንድ ሚኒስቴር ውስጥ ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ነበሩ። አደናወር እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1967 ቤቱ ውስጥ ሲሞት ሬሳው ከኮሎኝ በጀልባ ራይንን ሽቅብ መጥቶ መንደሩ መቃብር አረፈ፤ እሳቸው ሃያ ዓመታቸው ነበር፣ ወንዙ ዳር ቆመው አይተዋል። ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ። እ.ኤ.አ. ሰኔ 20 ቀን 1991 ምክር ቤቱ በ338 ለ320 ድምፅ «መንግሥት ወደ በርሊን ይሂድ» አለ። በ1999 ሲጓዝ አንዷ ልጃቸው ከመሥሪያ ቤቷ ጋር አብራ ሄደች። በዓመት ሁለቴ ትመጣለች።

ቦን ግን ባዶ አልቀረችም። ጥቂት ሚኒስቴሮች ቀሩ፣ የተባበሩት መንግሥታት ቢሮዎች ገቡ። እማዬ የምትሰማው ሬዲዮ ያለበት ሕንጻ ራሱ ለምክር ቤቱ አባላት ቢሮ ተብሎ የተጀመረ ነው፤ ግንባታው ሳያልቅ በ1993 የራይን ጎርፍ ጎዳው፣ መንግሥትም ሄደ፣ በመጨረሻ ዶይቸ ቬለ ገባበት። ሮንዶርፍም እንደዚያው። ወደ ሚኒስቴር የሚሄደው ቢቀንስ ወደ ሌላ ሥራ የሚሄደው ተተካ፤ የጠዋቱ ባቡር ዛሬም ሙሉ ነው።

ሴትዮዋ ሲጨርሱ እጃቸውን እታለም ጉልበት ላይ አሳረፉና አንድ ነገር ተናገሩ። እታለም አልተረጎመችልኝም። ኋላ ስጨቀጭቃት ነገረችኝ። ባለፈው ክረምታቸው፣ በረዶ በጣለበት ጠዋት፣ አሮጊቷ ደረጃው ላይ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰብሮ ነበር። መንደሩ በሙሉ ሥራ ሄዷል። ቢጮሁ የሚሰማ የለም። ከሌሊት ሥራ እየተመለሰች ያገኘቻቸው እታለም ናት። እሷም እንደ ሰዉ ቀን የምትሠራ ብትሆን እስከ ማታ በረዶ ላይ ይቆዩ ነበር።

ከዚያ በኋላ ዓይኔ ተከፈተ። ከሰዓት በኋላ አብረን ስንወጣ አንድ ሽማግሌ አስቁመው የሚስታቸውን መድኃኒት ያሳዩዋታል። ሌላዋ በአጥር ላይ ቲማቲም ታቀብላታለች። ቀን ቀን ሮንዶርፍ የሽማግሌዎቹና የእታለም ናት።

ከመመለሴ በፊት በነበረው ምሽት ሐዲዱንና ጎዳናውን ተሻግረን ራይን ዳር አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። የእማዬን መልእክት አንድ በአንድ ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝ።

«ሁለት ዓመት ያልኩት ዋሽቼ አይደለም፣ ወንድምዬ» አለች። «ቀላል ነው አልልህም። በዓል ሲመጣ ግድግዳው ይጠበኛል። እሁድ ኮሎኝ ቤተ ክርስቲያን ደርሼ ስመለስ ባቡሩ ውስጥ የማለቅስበት ቀን አለ። ግን ዛሬ ልነሳ ብል እነዚህን ለማን ልተዋቸው?» ትንሽ ቆይታ ዞር ብላ ጠየቀችኝ፦ «አንተ እዚያ ኮንዶሚኒየም ከገባህ ስንት ጊዜህ ነው?»

«አራት ዓመት።»

«ፊት ለፊትህ ያለው በር የማን ነው?»

ሰውየውን በመልክ አውቀዋለሁ። ስሙን አላውቅም። መርከብ ሲያልፍ የማይ መስዬ ዝም አልኩ።

ባለፈው እሁድ እማዬ ጋ ሄጄ ሁሉንም ነገርኳት። ስለ አደናወር ስነግራት ብዙም አልመሰጣት። ስለ አሮጊቷ ስነግራት ግን እጇ ላይ ያለውን ጥጥ አስቀመጠች። ከዚያ በስልኬ ያነሳሁትን አንድ ፎቶ አሳየኋት። በዚያ አገር የቤቱ ደወል ላይ የነዋሪው ስም ይጻፋል። በእታለም በር ላይ ሁለት ስም አለ፤ ላይኛው የሴትዮዋ፣ ታችኛው የአባቴ ስም ያለበት የእህቴ።

«የሴትዮዋ ልጅ ግን መቼ ነው የምትመጣው?» አለች እማዬ።

«በዓመት ሁለቴ ነው አሉ።»

«እንደኔው ናቸው በለኛ።» ዝም አለች። ጥጧን አነሳች። «እታለም ለገና ትምጣና ዓይኗን አይቼ ልመልሳት። ለሴትዮዋ ነጠላ እፈትልላቸዋለሁ፤ ብርድ ነው አላልክም?»

ለእታለም ደውዬ ነገርኳት። ለገና ፈቃድ ጠይቃለች፤ እስክትመለስ አሮጊቷን የሚጠይቅ ሰውም አግኝታለች፤ ቲማቲም የምታቀብላት ጎረቤቷ።

እኔም ከእማዬ ቤት ስመለስ የፊት ለፊቱን በር አንኳኳሁ። ሰውየው በሩን ሲከፍት ደነገጠ፤ ውኃ የጠፋ ወይ ሌባ የመጣ መስሎት። ስሙን ጠየቅኩት፣ ስሜን ነገርኩት። እሱም አራት ዓመት በመልክ ያውቀኝ ነበር።

እናንተስ፣ ፊት ለፊታችሁ ያለው በር የማን ነው?