ያለ ይግባኝ ወደ ሐረር

የእኛ ቤት ሰዎች ለሽርሽር ሐረር ሄደው አያውቁም። ጨርጨር አውራጃ፣ ሐረርጌም ክፍለ ሀገር በነበሩበት ዘመን ለጭሮ ሰው ሐረር ማለት ይግባኝ ነበር፤ አለዚያም ሆስፒታል፣ አለዚያም ጦር አካዳሚ ለገባ ልጅ ስንቅ ማድረስ። የአጎቴ የውርስ ቤት ክርክር ስንት ዓመት እንደፈጀ እሳቸውም አያስታውሱት፤ የሚያስታውሱት ለቀጠሮ ሲሄዱ ያደሩበትን አልቤርጎ ትኋን ነው። ስለዚህ በእረፍቴ ሐረር ሄጄ ሙዚየም ልይ፣ እርስዎም ቢመጡ ብዬ ሳማክራቸው፣ «ችሎት አለብህ እንዴ?» አሉኝ።

ዕቅዱ ወረቀት ላይ ቀላል ነበር። ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል፤ አሚር ኑር ባሳጠሩት ግንብ ውስጥ ያለው ሁሉ በእግር ይደረሳል። ችግሩ ሰዓቱ ነው። በሐረርጌ ምድር ከቀትር በኋላ በርጫ የማይሻማው ሥራ የለም፤ ሙዚየም እንግዲህ ጠዋት ጠዋት ነው። አርብ ደግሞ ጁምዓ አለ።

የራምቦ ቤት ይቅደም አልኩ።

«ያ ፊልም ላይ ጠመንጃ ታጥቆ የሚሮጠው?»

አይደለም። አርተር ራምቦ የሚባል ፈረንሳዊ ገጣሚ ነው፤ ግጥሙን ገና በወጣትነቱ እርግፍ አድርጎ ትቶ በ1873 ዓ.ም. ቡናና ቆዳ ሊነግድ ሐረር የገባ። ጠመንጃ ግን እሱም ነበረው፤ ለምኒልክ የሸጠው። በስሙ የሚጠራው ባለ ፎቅ የእንጨት ቤት ባለቀለም መስታወቱም፣ ሥዕል ያረፈበት ጣሪያውም ያምራል፤ ራምቦ ራሱ ያነሳቸው ፎቶግራፎች ቅጂም አለ። ቤቱ ግን የእሱ አይደለም። እሱ ከሞተ በኋላ አንድ ሕንዳዊ ነጋዴ ያሠራው ነው። ይህን ስነግራቸው አጎቴ ለመጀመሪያ ጊዜ በዕቅዱ ተመሰጡ፦ «ያልኖረበትን ቤት በስሙ! እኔስ የተረታሁት በምን ሆነና?»

ቀጥሎ የሐረሪዎች ባህላዊ ቤት። ልብ ብሎ ላየው ከብዙ መጽሐፍ ይልቅ ይናገራል። መደቡ፣ እነሱ ነደባ የሚሉት፣ ከፍታው ይለያያል፤ የቤቱ አባወራ የት፣ ሽማግሌ የት፣ ወጣቱ የት እንደሚቀመጥ ሳይጠየቅ ይታወቃል። ግድግዳው በሳህንና በስፌት ተሸፍኗል። ከበሩ በላይ ተጠቅልሎ የተሰቀለ ምንጣፍ ካለ ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ልጅ አለች ማለት ነው፤ አማላጅ መላክ ይቻላል። ወለሉና ነደባው ቀይ የተቀባው ደግሞ ጨለንቆ ላይ በጦርነት ለፈሰሰው ደም መታሰቢያ ነው ይላሉ አስጎብኚዎቹ። ጨለንቆ! እኛ ሻይ ጠጥተን የምናልፍባት።

የሸሪፍ ሙዚየምን ለብቻው ጠዋት ሰጠሁት። አብዱላሂ አሊ ሸሪፍ በገዛ ቤታቸው የጀመሩት ስብስብ ነው፤ የእጅ ጽሑፉ፣ ሳንቲሙ፣ ሰይፉ፣ የድሮው ድጉሰት። ዛሬ ያለው የራስ ተፈሪ ቤት በሚባለው ውስጥ ነው። እዚህ ላይ ነገሩ ወደ ደጃችን ይመጣል። በተፈሪ አባት በራስ መኮንን ግቢ ያደጉ ሌላ ልጅ ነበሩ፤ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም። ከዓድዋ በኋላ ሩሲያ ሄደው ተማሩ፤ ተመልሰው በአማርኛ የመጀመሪያውን ተውኔት ጻፉ፣ የ1923ቱን ሕገ መንግሥት አረቀቁ። በመካከሉ ጨርጨርን ሲያስተዳድሩ አሰበ ተፈሪን፣ የዛሬዋን ጭሯችንን፣ ቆረቆሩ። ከዚያ ሐኪም ወርቅነህ መጥተው አውራጃውን ለሌላው አርአያ እናድርገው አሉ። የሐረርን ግቢ የምንጎበኘው እንግዲህ እንደ ባዳ አይደለም።

ዕቅዴን የበጠበጠው ግን ራሱ ራምቦ ነው። በ1879 ዓ.ም. ምኒልክ ጨለንቆ ላይ ድል አድርገው ሐረርን ያዙ። በዚያው ዓመት ራምቦ ጠመንጃውን እንጦጦ አድርሶ ሲጨርስ፣ ንጉሡ ዋጋውን ቀናንሰው፣ ገንዘቡን ሐረር ሄደህ ከመኮንን ተቀበል ብለው ሰደዱት። ቦረሊ ከሚባል ፈረንሳዊ ጋር በኢቱዎች አገር፣ በጨርጨር በኩል መጣ፤ መንገዱን በደብዳቤ ሲዘረዝርም ሂርናንና ደን የሸፈነው ሸለቆዋን ጠቀሰ።

«እሱስ ሰው ነው» አሉ አጎቴ፤ «ጉዳይ ይዞ ነው የሄደ።»

እና ባልኖረበት ቤት ትኬት ቆርጬ፣ በእግሩ የረገጣትን ሂርናን በመስኮት ልለፋት? ከመናኸሪያው ገና ስንወጣ ለሚኒባሱ ረዳት ሂርና ላይ እንደምንወርድ ነገርኩት፤ አንድ ፈረንጅ በምኒልክ ጊዜ ለዕዳ ሲሄድ ያለፈበትን ልናይ ነው አልኩት።

«ውረዱ» አለ ብሩን እየቆጠረ፤ «ሒሳቡ ግን የሐረር ነው።»

አጎቴ ክርክሩን ጀመሩ።