ግማሹን ሰምቼ

እማማን የሬዲዮ ጥገና አስከፍያቸው አላውቅም። የመርፌው ክር ሲበጠስ፣ ስፒከሩ ሲያንኮራፋ፣ የባትሪው ቤት ሲዝግ፣ ድሬዳዋ ሳቢያን ካለችው ሱቄ ድረስ በምርኩዝ እያነከሱ ይመጣሉ። ሠርቼ እሰጣቸዋለሁ፣ መርቀውኝ ይሄዳሉ። ሰፈሩ ደግ ይለኛል። ያ እግር ያነከሰው ግን በእኔ ነው።

ሐምሌ 29 ቀን 1998 ለ30 አጥቢያ የደቻቱ ወንዝ ሲሞላ እዚሁ ሳቢያን ተኝቼ ነበር። የድሬን ጎርፍ ያላየ ሰው ይኼን አይረዳውም፤ ዝናቡ የሚወርደው ላይ፣ ከደንገጎ ወዲያ ባለው ደጋ ነው። እታች ሰማዩ ኮከብ ሊያሳይ ይችላል፤ ቀን ሙሉ ሰው የሚሻገርበት ደረቅ አሸዋ በሌሊት ወንዝ ይሆናል። በዚያ ሌሊት ከ200 በላይ ሰው አለቀ። ጠዋት ወደ ቀፊራ ወርጄ ቤት የነበረበትን ጭቃ ሳይ አንድ ነገር ብቻ ነበር የምለው፦ «ምነው ቀድሞ የነገራቸው ሰው በኖረ!»

ታይዋን ገበያ ሄጄ ከኤፍኤም ሌላ «ኤር» እና «ፒቢ» የሚሉ መስመሮች ያሉትን ሬዲዮ የገዛሁት በዚያ ሰበብ ነው። ፒቢ በሚለው መስመር ላይ መርፌውን በዝግታ ስትነዳው የሥራ ሰዎች በመገናኛ ሲነጋገሩ ትሰማለህ። ሰበብ ማለቴን ልብ በሉልኝ። ከሁለት ወር በኋላ የማዳምጠው ለጎርፍ አልነበረም። የትኛው መኪና የት እንደተጋጨ፣ ማን ከማን እንደተጣላ ከሰፈሩ ቀድሜ እያወቅሁ በርጫ ላይ «አቦ፣ ሰምታችኋል?» ማለት ይጥመኝ ነበር። ከየት እንደሰማሁ ስጠየቅ ፈገግ እላለሁ። እንዲህ ያለው ፈገግታ ሱስ ነው።

በ2002 ክረምት፣ መብራት በጠፋበት ምሽት፣ አንድ ድምፅ ገባ፦ «ውሃው ደርሷል፤ ደቻቱ ድልድዩ ጋ ነው፤ ሰዎቹን ከመንገዱ አስነሷቸው።» ከዚያ ሹሹታ ብቻ። ከዚያ በፊት ምን እንደተባለ አልሰማሁም፣ ቀጥሎ የሚባለውንም አልጠበቅሁም። ደቻቱ ዳር ተከራይታ ለምትኖረው አክስቴ ደወልኩ። አክስቴ ግቢው መሐል ቆማ ጮኸች። ቀጣዩ ግቢም ተቀብሎ ጮኸ። አራት ዓመት ሙሉ ያን ጩኸት ሲጠብቅ የኖረ ሰፈር ልጁን አንጠልጥሎ በጨለማ ወደ ከፍታው ሮጠ። እማማ ያኔ የአክስቴ ጎረቤት ነበሩ፤ ቱቦው ውስጥ ወደቁ፣ ዳሌያቸው ተሰበረ።

እኔ ሬዲዮዬ ሥር ተቀምጬ ራሴን እንደ ጀግና እያየሁ ነበር። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ያው ድምፅ ተመለሰ፦ «እሳቱ ጠፍቷል፤ ቦቴው ይመለስ?»

ውሃው የቦቴ ውሃ ነበር።

በመገናኛ የሚያወራ ሰው ለእኔ ብሎ አያብራራም። ንግግሩ አጭር ነው፤ የሚያወራውም ነገሩን ከሥሩ ለሚያውቅ ባልደረባው ነው። እኔ ከመሐል ገብቼ የጎደለውን በራሴ ፍርሃት ሞላሁት። ለአክስቴ «ሰው ነግሮኝ ነው» አልኳት። ሬዲዮውን በጆንያ ጠቅልዬ አልጋ ሥር ከተትኩት። በ2004 የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761 ወጥቶ የሌላውን ግንኙነት ያለ ፈቃድ መጥለፍ እንደሚያሳስር ስሰማ ደግሞ፣ «የእኔ ከአዋጁ በፊት ነው» ብዬ ተጽናናሁ። የማያፍር ሰው ሒሳብ!

ከዓመታት በኋላ ሬዲዮውን ከጆንያው ሳወጣው ያ ሞገድ ላይ የሰው ድምፅ አልነበረም፤ የተቆጣ ንብ ዓይነት ጩኸት ብቻ። የሙያ ነገር ሆኖብኝ ጉዳዩን ተከታተልኩት። ዲጂታሉ መገናኛ ድምፅን ወደ ቁጥር ይለውጣል፤ ቁጥሩ ሲመሰጠር ደግሞ ቁልፉ ከሌለህ ሞገድ የምታስስበት ሬዲዮ፣ ስካነርህ፣ የቱንም ያህል ውድ ቢሆን ትርጉም አይሰጥህም። ቺካጎም ኒው ዮርክም የፖሊስ ሬዲዮአቸውን መመስጠር ሲጀምሩ ጋዜጠኞችና አዳማጮች ጮኸዋል። የሚመሰጠረውም ሁሉ ጥብቅ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2023 የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች፣ ብዙ አገሮች የሚጠቀሙበት ቴትራ የተባለው ሥርዓት ካሉት ምስጠራዎች የአንዱ ባለ 80 ቢት ቁልፍ ሆን ተብሎ ወደ 32 ቢት የተዳከመ መሆኑን አጋልጠዋል። ይህን ያህሉን ተራ ኮምፒውተር ይፈታዋል።

ስካነር ግን ጨርሶ አይሞትም። ኤር በሚለው መስመር፣ ከ118 እስከ 137 ሜጋኸርዝ ባለው ላይ፣ ድሬ ለማረፍ የሚጠጋ አብራሪ ከማማው ጋር ሲነጋገር ዛሬም እሰማለሁ። አልተመሰጠረም፤ በዚያ ሰማይ ያለ አብራሪ ሁሉ የሌላውን ቦታ መስማት አለበትና።

እንግዲህ የእኔን ጆሮ የዘጋው ሰው ደግ አደረገ። ከዚህ በላይ አልሟገትም፣ መብቱም የለኝም። የማጉረመርመው አንድ ነገር ብቻ ነው። ሞገዱን የዘጋ መሥሪያ ቤት ሁሉ፣ ክረምት ሲገባ ለደቻቱ ዳር ሰው በግልጽ የሚናገር አንድ አፍ አብሮ ያቁም፤ ዝም ካለ እንደ እኔ ያለው ይናገርለታል። ይህን ስጽፍ ጥፋቴን ለሌላ የማካፍል እንዳይመስልብኝ እፈራለሁ። ትንሽ ሳይመስልም አይቀርም።

ባለፈው ቅዳሜ እማማ መጡ። የመርፌው ክር ነበር። እያጠነጠንኩ ሳለሁ ምርቃታቸውን ጀመሩ፤ አላስጨረስኳቸውም። ሬዲዮውን፣ ስልኩን፣ አክስቴን፣ ሁሉንም ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝ።

«ታዲያ ውሃው የምን ነበር?» አሉኝ።

«የቦቴ ነው እማማ። እሳት ሊያጠፋ የመጣ ቦቴ።»

«ቦቴ» አሉ። ምርኩዛቸውን አገላብጠው አዩት።

ሬዲዮአቸውን ሰጠኋቸው። ከፍተው ሰሙት፣ ዘጉት። ከመቀነታቸው ጫፍ ሃምሳ ብር ፈትተው ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩና፣ ሳይመርቁኝ ወጡ። ብሩ እስካሁን እዚያው ነው።