ሃያ አንድ ዓመትና የኦሎምፒያ በር

ዓርብ ማታ ከመስቀል አደባባይ ወደ ቦሌ በሚወስደው ጎዳና ተጉዞ ኦሎምፒያ የደረሰ ሰው፣ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን ገና ያልፈጸሙ የሚመስሉ ልጆች ጃምቦ ጨብጠው ሲሳሳቁ በተመለከተ ጊዜ፣ በ2011 ዓ.ም. የታወጀው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው የአልኮል መጠጥ መሸጥን የከለከለ መሆኑን ለማመን ይቸገራል።

ለመምረጥና ጎጆ ለመውጣት 18 ዓመት ሲበቃ ለቢራ 21 መባሉ ግራ የሚያጋባው አለ። ምክንያቱ ግን ከባሕርያችን የሚመነጭ ነው፤ ደስታን የሚሻው የአንጎል ክፍል ፈጥኖ ሲጎለምስ፣ ፈቃድን የሚገታውና መዘዝን የሚያመዛዝነው የፊተኛው ክፍል ግን እስከ ሃያዎቹ አጋማሽ ድረስ ስለማይበስል፣ በልጅነቱ መጠጥ የጀመረ ሰው በኋላ ዘመኑ የሱስ ምርኮኛ የመሆን ዕድሉ ይበረታል። የዓለም ጤና ድርጅትም ከጉዳት ነፃ ነው የሚባል የአልኮል መጠን እንደሌለ በ2023 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር አስታውቋል። ሐዋርያው ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ ጥቂት ወይን መፍቀዱን የሚጠቅስብኝ አንባቢ አይጠፋም፤ ጢሞቴዎስ ግን ሆዱን የሚያመው የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ እንጂ የዐሥረኛ ክፍል ተማሪ አልነበረም።

አበውም ቢሆኑ ድንበር አላጡም፤ በድግስ ቀን ጠጁ ለአዋቂ ሲቀዳ ለልጅ ያልፈላው ብርዝ ይቀርብለት ነበር። በብዙ ቤት ሕፃን ጠላ መቅመሱ አይካድም፤ ቢሆንም በአባትና በእናት ፊት፣ ከእህል ጋር፣ ተግሣጽ ባለበት ማዕድ ነው። ዛሬ ግን ገሣጭ የሌለበት ጠረጴዛ በርክቷል።

ያው አዋጅ በሬዲዮና በቴሌቪዥን የመጠጥ ማስታወቂያን ስላገደ፣ በበዓል ዋዜማ ቤታችንን ይሞላ የነበረው የቢራ ዜማ ብዙም ሳይቆይ ጸጥ አለ፤ ጣቢያዎቹ ጥቂት ናቸውና ተቆጣጣሪ ይደርስባቸዋል። ሻጩ ግን አእላፍ ነው፤ ከግሮሰሪው እስከ ጓዳ ጠላ ቤቱ ድረስ ዘብ ማቆምም አይቻልም። ኦሎምፒያ ላይ ግን በየመጠጥ ቤቱ ደጃፍ መሣሪያ እንዳይገባ የሚገባውን ሰው ኪስና ወገብ የሚዳስስ ፈታሽ ቀድሞውኑ ቆሟል፤ መታወቂያም እንዲጠይቅ ባለቤቱ ቢያዘው የሚጨምርበት ድካም ከግማሽ ደቂቃ አይበልጥም፤ የሚጎድለው የዚያች ሌሊት ሽያጭ ነው፣ እንቅፋቱም ይኸው ይመስለኛል።