ሞተር የነዳ ሰው ጎበዝ የመኪና ሹፌር ይሆናል?



ባለፈው ሳምንት ለደም ግፊት ክትትል የመጡ አንዲት እናት መድኃኒታቸውን ካዘዝኩላቸው በኋላ «ዶክተርዬ፣ አንድ ነገር ላማክርሽ» አሉኝ። የ20 ዓመት ልጃቸው ሞተር ካልተገዛልኝ ብሎ አስቸግሯቸዋል። «ሞተር የለመደ ሰው መኪና ሲይዝ ጎበዝ ይሆናል፣ ኢንሹራንሱም ርካሽ ነው ይለኛል። እውነቱን ነው?»

ጥያቄው እኔንም ይመለከተኛል። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

ተመርቄ መጀመሪያ የተመደብኩት ገጠር ነበር። ጤና ኬላዎቹን ለመጎብኘት ስል ሞተር ተማርኩና ሁለት ዓመት ነዳሁ። ሞተር ላይ ከአስፋልቱ የሚከልላችሁ ነገር የለም። ስለዚህ ጠጠሩን፣ የፈሰሰውን ዘይት፣ በሩን ሊከፍት ያለውን መኪና ቀድማችሁ ማየት ትለምዳላችሁ። አዲስ አበባ መጥቼ መኪና ስይዝ ይህ ልምድ ጠቅሞኛል። በአምስት የአውሮፓ አገሮች የተመዘገቡ የሞተር አደጋዎችን የመረመረ ጥናትም የሞተር መንጃ ፈቃድ ጭምር ያላቸው የመኪና አሽከርካሪዎች ከሞተር ጋር ሲጋጩ ጥፋተኛ የመሆን ዕድላቸው ከሌሎቹ ያነሰ መሆኑን አሳይቷል።

ታዲያ ልጁ ልክ ነው? ሙሉ በሙሉ አይደለም።

የዛሬ ሦስት ዓመት፣ ተረኛ አድሬ ስመለስ፣ ወደ ግራ ልታጠፍ ፍሬቻ አበራሁ። ከፊት የሚመጣ መኪና አለመኖሩን አይቼ ገባሁ። ሞተር እየመጣ ነበር፤ አላየሁትም። ዲሊቨሪ የሚሠራ ወጣት ነው። ቅልጥሙ ተሰበረ። እግሩን በካርቶንና በሻርፔ ያሰርኩለት እኔው ነኝ። ሄልሜቱን በደንብ አስሮ ስለነበር ጭንቅላቱ ተረፈ።

ሞተር የነዳሁ ሰው እንዴት ሞተር አላይም? አእምሯችን የሚጠብቀውን ነው የሚፈልገው። መኪና ስንጠብቅ ዓይናችን ቀጭኑን ሞተር አልፎ ይሄዳል። ትንሽ ስለሆነም ገና ሩቅ ያለ ይመስለናል። እንቅልፍ ማጣት ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል።

አሁን ወደ ኢንሹራንሱ ልምጣ። የኔ ኢንሹራንስ መኪናዬን አስጠገነ፤ ለልጁ ሞተርና ሕክምናም በውሉ መጠን ከፈለ። ውሌን ሳድስ፣ አደጋ ባለማድረሴ አገኝ የነበረው ቅናሽ ቀረብኝ። የኔ ኪሳራ ይኸው ነው። ልጁ ግን እግሩ ውስጥ ብረት ገብቶለት ለወራት ከሥራ ውጭ ሆነ። የራሱ ሞተር የነበረው ሦስተኛ ወገን ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ በሌላ ሰው ላይ ለሚደርስ ጉዳት እንጂ ለነጂው አጥንት አይደለም።

የሞተር ኢንሹራንስ የሚረክሰው ሞተር አደጋው ትንሽ ስለሆነ እንዳይመስላችሁ። የሞተሩ ዋጋም፣ በሌላው ንብረት ላይ የሚያደርሰው ጉዳትም ከመኪና ስለሚያንስ ነው። የነጂው አካል ሒሳቡ ውስጥ የለም።

ለእናቲቱ ያልኳቸው ይህንን ነው፦ «ሹፌርነት ይማርበት ብለው አይግዙለት፤ የትምህርቱ ክፍያ ውድ ነው። ለሥራ የግድ ካስፈለገው ግን ሠልጥኖ፣ መንጃ ፈቃድ አውጥቶ፣ ከሞተሩ በፊት ሄልሜት ይግዙለት።»

ለሁላችንም፦

✅ ሄልሜት የሞት አደጋን በ42%፣ የጭንቅላት ጉዳትን በ69% ገደማ እንደሚቀንስ ጥናቶች ያሳያሉ። ማሰሪያው ካልታሰረ ግን ስትወድቁ ወልቆ ይሄዳል። ከኋላ ለሚቀመጠውም ያስፈልጋል።

✅ ባለ መኪኖች፣ ከመታጠፋችሁ በፊት ሁለት ጊዜ እዩ፤ ሁለተኛውን ጊዜ «ሞተር አለ?» ብላችሁ። በር ከመክፈታችሁ በፊት ስፖኪዮ ተመልከቱ።

✅ ሞተር ያላችሁ፣ ኢንሹራንሳችሁ ለራሳችሁ ሕክምና ይከፍል እንደሆነ ዛሬውኑ ጠይቁ። ካልከፈለ የግል አደጋ ሽፋን መጨመር ይቻል እንደሆነ አጣሩ።

✅ የወደቀ ሞተረኛ ካያችሁ፣ የሚተነፍስ ከሆነ ሄልሜቱን ጎትታችሁ አታውልቁ፤ አንገቱ ተጎድቶ ሊሆን ይችላል። ሳታንቀሳቅሱት አምቡላንስ ጥሩ።

ያ ልጅ ዛሬም በበዓል ይደውልልኛል። እግሩ ብርድ ሲሆን ያመዋል። እኔም መታጠፊያ ላይ በደረስኩ ቁጥር አስታውሰዋለሁ።

ሞተር ለሚነዳም፣ መኪና ለሚነዳም ወዳጃችሁ አጋሩ።