የሚቆም ወረቀት

ነሐሴ 2015 ጎንደር ቤተሰብ ጋ ነበርኩ። የመጣሁት ለአንድ ሳምንት ነው። ሐምሌ 28 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ታወጀ፤ በዚያው ሰሞን ኢንተርኔት ጠፋ። ያለ ኢንተርኔት ምን ያህል የማልረባ ሰው እንደሆንኩ ያወቅኩት ያኔ ነው። ኮድ ብጽፍ የምልክበት የለ። ላፕቶፔን እከፍታለሁ፣ የድሮ ፎልደር እጎረጉራለሁ፣ እዘጋለሁ።

የወንድሜ ልጅ ሚጡ ስድስት ዓመቷ ነው። ወንድሜ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ነገሩ ከመጀመሩ በፊት ዕቃ ጭኖ ደባርቅ ወጣና እዚያው ቀረ። መንገዱ ተዘጋ፣ ስልኩም አይገኝም። ከጎንደር ደባርቅ መቶ ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፤ በደህናው ጊዜ ቁርስ እዚህ ተበልቶ ምሳ እዚያ የሚበላበት መንገድ። እናቴ ሲመሽ በር ላይ ትቆማለች። ሚጡም ነጠላዋን ይዛ አብራት ትቆማለች።

አንድ ቀን ፎልደር ስጎረጉር ታትሞ፣ ተቆርጦ፣ ታጥፎ የሚቆም የወረቀት ሰው አገኘሁ። ለምን እንዳወረድኩት እንጃ። ፍላሽ ይዤ ፒያሳ ወረድኩ። መብራት ያለው ኮፒ ቤት ያገኘሁት በሦስተኛው ሙከራ ነው፤ እሱም ባለ ቀለም ስላልነበረው በጥቁርና ነጭ አተመልኝ።

ሚጡ ገልበጥ ገልበጥ አድርጋ አየችውና «ይሄ እኮ አባዬን አይመስልም» አለች።

አባትሽ ነው ያላት ሰው አልነበረም።

ስለዚህ ቅርጹንና የማጠፊያ መስመሮቹን ትተን ሌላውን በነጭ ወረቀት ሸፈንነው። ፊቱን እሷ ሳለች። የደብረ ብርሃን ሥላሴን ጣሪያ እያየ ያደገ ልጅ ዓይን አሳንሶ አይስልም፤ የወንድሜ ዓይን የፊቱን ግማሽ ያዘ። ከሶፍት ጋቢ አለበስነው። «ደባርቅ ብርድ ነው» አለች። ሙጫ ስላልነበረን ዱቄት በውሃ በጥብጠን ምድጃ ላይ አወፈርነው። እናቴ «በዚህ ኑሮ ውድነት ዱቄቱን ለወረቀት?» ብላ ጀመረችና ማን እንደሆነ ስታይ ዝም አለች።

አቆምነው። ወደቀ። እንደገና አቆምነው፣ በፊቱ ተደፋ። ሚጡ ከንፈሯ መንቀጥቀጥ ሲጀምር የተማርኩት ኢንጂነሪንግ ትዝ አለኝ። ተራ ኤፎር ወረቀት በካሬ ሜትር 80 ግራም ነው፤ አንዱ ገጽ 5 ግራም ይመዝናል። ያችው 5 ግራም ጠፍጣፋ ከሆነች ትልፈሰፈሳለች፣ ከታጠፈች ግን ትጠነክራለች። የቤታችን ቆርቆሮ ሞገድ ባይኖረው ኖሮ አንድ ድመት ሲሄድበት ይጎብጥ ነበር። እግሮቹን ከላይ እስከ ታች መሃል ለመሃል አጠፍኳቸው። ከሥሩ ከፓስታ ካርቶን የተቆረጠ መቆሚያ አደረግን። አሁንም ጭንቅላቱ ይከብደዋል (ዓይኑ ነው መቼም)። መጨረሻ ላይ አንድ ብር ሳንቲም መቆሚያው ላይ ለጠፍኩ። ሳንቲሟ ብቻዋን ከሰውየው ሁሉ ትከብዳለች፤ ክብደቱ ወደ ታች ወረደና ቆመ። የጣሪያው መላእክት ፊትና ክንፍ ብቻ ስለሆኑ ይህ ሁሉ ጣጣ የለባቸውም።

መስኮቱ ላይ ፊቱን ወደ መንገዱ አዙራ አስቀመጠችው።

ያላሰብኩት ክረምቱን ነበር። ወረቀት እርጥበት ይጠጣል። በማግስቱ ጠዋት ወገቡ ላይ ጎብጦ አገኘነው። ሚጡ አላለቀሰችም፤ ወደ እናቴ ሄዳ «ታሟል» አለቻት። ይህን ስሰማ ምን እንደተሰማኝ መጻፍ አልችልም። ምድጃ አጠገብ አደረቅነው፣ ከጀርባው ስንጥር ለጠፍንለት። ከዚያ በኋላ ማታ ማታ ምድጃ ዳር፣ ጠዋት ጠዋት መስኮት ላይ ሆነ። ኮድ ቢሆን አንዴ አስተካክዬ እተወው ነበር። ይሄ በየቀኑ ነው።

ጳጉሜን ላይ ወንድሜ በሰው ስልክ ደወለ። ድምፁ ይቆራረጣል። እናቴ «ደህና ነህ? በልተሃል?» ብላ ሳትጨርስ ሚጡ ስልኩን ነጠቀቻት።

«አባዬ፣ ጋቢ ለብሰሃል?»

«ለብሻለሁ የኔ ቆንጆ።»

ሮጣ ሄዳ መስኮቱ ላይ አየችና ተመልሳ «አዎ፣ ለብሷል» አለችኝ።

ለእንቁጣጣሽ የሰፈሩ ልጆች የሣሉትን መልአክና አበባ ይዘው መጡ። ሚጡም የራሷን ሥዕል ይዛ ጎረቤት ዞረች። ሁሉም ገጽ ላይ ያው ሰውዬ ነው፣ ዓይኑ ትልቅ፣ ባለ ጋቢ። ጎረቤቶች የትኛው መልአክ እንደሆነ እየጠየቁ ብር ሰጧት።

ወንድሜ መስከረም አጋማሽ ላይ ከስቶ መጣ። ጋቢ አልነበረውም፤ የት እንዳደረሰው አልጠየቅነውም። የወረቀቱ ሰው አሁን መኪናው ውስጥ፣ ከመሪው ፊት ለፊት ነው ያለው። አንድ ብሯን ግን የሆነ ቦታ ዝርዝር ሲጠፋ አውጥቶ ከፍሎባታል። በፕላስተር ነው የቆመው።