ንፋሱ ካለፈ በኋላ

ሀዋሳ ሁለተኛ ደረጃ ስንማር ፊዚክስ ያስተማረን ፕላዝማ ነበር። የኛ ትውልድ ያስታውሰዋል፦ በሳተላይት የሚመጣ፣ የማይጠብቅ፣ ጥያቄ የማይቀበል መምህር። «ፕላዝማ» ለኛ ቴሌቪዥኑ ነው። ፀሐይ ራሷ ቀን ከሌት ፕላዝማ ወደኛ እንደምትነፋ ያወቅኩት ቆይቼ ነው።

ይህ የፀሐይ ንፋስ ብዙውን ጊዜ በሰከንድ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። የኮሮና ቀዳዳ ከሚባሉት የፀሐይ ክፍሎች ሲነሳ ግን 700 ሊደርስ፣ ሊያልፍም ይችላል። የሚጋርደን የምድር መግነጢሳዊ መስክ ነው። በመስኩ ውስጥ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1958 ጄምስ ቫን አለን ያገኘው የጨረር ቀበቶ አለ። በውጨኛው ቀበቶ ለብርሃን ፍጥነት የተጠጉ ኤሌክትሮኖች ይዞራሉ። ዲሾቻችን የሚያዩዋቸው ሳተላይቶች፣ ከምድር ወገብ በላይ 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፣ ያሉት እዚያው ነው።

እኔን የያዘኝ ጊዜው ነው። ጥቅጥቅ ያለ ንፋስ መጀመሪያ ሲመታ መስኩን ይጨፈልቀዋል፤ ኤሌክትሮኖቹም ብዙ ጊዜ ይመናመናሉ። ያየ ሰው «እሰይ፣ አለፈልን» ይላል። ፈጣኑ ንፋስ ግን ከኋላ አለ። በተለይ ይዞት የሚመጣው መግነጢሳዊ መስክ ወደ ደቡብ ሲዞር ኃይሉ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ሞገድ ይነሳል፣ ሞገዱም ኤሌክትሮኖቹን ያፈጥናቸዋል። ቁጥራቸው ጫፍ የሚደርሰው ንፋሱ ከበረታ ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በኋላ ነው። ነገሩ እንደ ደራሽ ውሃ ነው፦ አንተ ያለህበት ሰማይ ጠርቷል፣ ጎርፉ ግን መንገድ ላይ ነው።

እነዚህ ኤሌክትሮኖች የሳተላይቱን ቆዳ አልፈው ይገባሉ። በሽቦ ልባስና በመሳሰሉት ውስጥ ይጠራቀማሉ፤ ሲበዙ እንደ ትንሽ መብረቅ ይፈነዳሉ። እ.ኤ.አ. ጥር 1994 ፈጣን ንፋስ ለቀናት ከነፈሰ በኋላ አኒክ የተባሉ ሁለት የካናዳ ሳተላይቶች በሰዓታት ልዩነት መቆጣጠሪያቸው ተበላሸ። ቴሌቪዥንና ስልክ ተቋረጠ። አንደኛው በሰዓታት ውስጥ ተመለሰ፤ ሁለተኛውን ለመመለስ ወራት ፈጀ።

ሀዋሳ ላይ ምስል ሲጠፋ ጣሪያ ላይ ወጥተን ዲሹን እናዞራለን። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱም እዚያው ነው። ግን ትምህርታችንን፣ ዜናችንን፣ ኳሳችንን የሰጠነው አየር ለማይከልለው፣ ጥገና ለማይደርስበት ዕቃ ነው። የሚጠብቁት ባለሙያዎች ማዕበሉ ሲያልፍ እፎይ አይሉም። ዓይናቸው ፀጥ ባለው ሁለተኛ ቀን ላይ ነው።